«ምች ነው» ብለን ስንጠብቅ

ባለፈው ክረምት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጎኗን እንደ እሳት እየፈጃት ቢሮ ገባች። ከጀርባዋ ተነሥቶ በጎድኗ ዙሪያ እንደ መቀነት የተጋደመ፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ አሳየችኝ። «ምች ነው፤ ይተወኛል» አለችና ዳማ ከሴ ጨምቃ ትቀባው ጀመር። በስድስተኛው ቀን ሐኪም ዘንድ ስትሄድ አልማዝ ባለጭራ መሆኑ ታወቀ። ሐኪሙም ቀደም ብላ ባለመምጣቷ አዘኑ። ሽፍታው ደረቀ፤ ሕመሙ ግን አልለቀቃትም። ልጇን ማዘል እንኳ ለወራት ተሳናት።

የጥቂት ቀናት መዘግየት ይህን ያህል የሚጎዳው ለምንድን ነው? መልሱ ከመድኃኒቱ አሠራር ይገኛል።

አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቫይረስ እንደ ባክቴሪያ በራሱ አይባዛም፤ የሰው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ቅጂውን ያሠራል እንጂ። ስለዚህ ለባክቴሪያ የሚሰጡት አሞክሳሲሊንና ቴትራሳይክሊን ቫይረሱን አያቆሙትም።

ለዚህ በሽታ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ አሳይክሎቪር ነው። ዶቃ በክር የምትሰካ ልጅ እናስብ። ቫይረሱም ሲባዛ የዘር ሰንሰለቱን የሚሠራው እንዲሁ አንድ በአንድ እየቀጠለ ነው። አሳይክሎቪር ዶቃውን ይመስላል፤ ቀዳዳው ግን በአንድ ወገን ብቻ ነው። ከተሰካ በኋላ ሌላ አይቀጠልበትም፤ ሥራው እዚያው ይቆማል። መድኃኒቱን ለሥራ የሚያነቃው የቫይረሱ የራሱ ኤንዛይም ስለሆነ ጤነኛውን ሕዋስ እምብዛም አይነካም። ለዚህ ዓይነቱ የመድኃኒት ምርምር ገርትሩድ ኤሊዮን የተባሉ አሜሪካዊት ሳይንቲስት በ1988 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

እንግዲህ መድኃኒቱ መባዛትን ይገታል እንጂ የተጎዳውን ነርቭ አይጠግንም። ይበልጥ የሚጠቅመውም ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ያለፈባትም ብትሆን ከመታየት አትቦዝን። ሽፍታው በግንባር ወይም በዓይን አካባቢ ከወጣ ዓይንን ሊጎዳ ስለሚችል በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት እናት ይህንኑ ለሐኪሟ አስቀድማ ትንገር። መድኃኒቱ በቀን አምስት ጊዜ ሊታዘዝ ይችላልና ሕመሙ ቀለል ሲል ማቋረጥ አይገባም።

እናቶች ሆይ፣ በአንድ ወገን ብቻ የተጋደመ፣ የሚያቃጥል ሽፍታ ስናይ ቀን አንቁጠር። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።