ማሳሰቢያ፦ የካሜራ አፕ ለምትሠሩና ለምታሠሩ

የካሜራ አፕ የምትሠሩ ዴቨሎፐሮችም ሆናችሁ ከፍላችሁ የምታሠሩ ባለንግዶች፣ አፕል ወይም ጉግል በይፋ ሰነዱ ላይ ያላሰፈረውን የውስጥ ኤፒአይ የሚጠቀም ሥራ አታስረክቡ፤ አትረከቡ። ዛሬ ስልካችሁ ላይ መሥራቱ ዋስትና አይሆንም።

ነገሩ የቆየ ነው። አይፎን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለውጭ ዴቨሎፐር የሚሰጠው ዝግጁ የፎቶ ማንሻ ገጽ ብቻ ነበር፤ ከካሜራው የሚመጣውን ምስል በቀጥታ መቀበል አይቻልም ነበር። ባርኮድ የሚያነብ አፕ መሥራት የፈለገ ሰው ምን ያድርግ? «ዩአይ ጌት ስክሪን ኢሜጅ» የሚባል፣ በሰነድ ያልወጣ ፈንክሽን ነበር፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን እንዳለ ይቀዳል። ባለ 3 ሜጋፒክስል ካሜራ ይዞ በ320 በ480 ፒክስል ምስል መሥራት ማለት ነው፤ ለዚያውም አፑ በላዩ የደረበው ክፈፍና በተን ሁሉ አብሮ ይነሣል። ቢሆንም ሥራ ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ አፕል ራሱ «ይሁን፣ ተጠቀሙበት» አለ፤ ብዙዎችም ተማምነው ገነቡበት። በ2010 አይኦኤስ 4 ካሜራውን በይፋ ሲከፍት ግን ፈቃዱ ተነሣ፤ በድሮው መንገድ የመጣ አፕ ተመላሽ ይደረግ ጀመር። ሰነድ ላይ ያልሰፈረ ፈቃድ ዕድሜው ይኸው ነው፤ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም።

«ስቶሩ ተቀብሎታል እኮ» የሚል መከራከሪያም አያስኬድም። በዚያው በ2010 ካሜራ ፕላስ የተባለው ተወዳጅ አፕ የድምፅ ቁልፉን ፎቶ ማንሻ የሚያደርግ ነገር ደብቆ በመያዙ ለሽያጭ ከቀረበ በኋላ ከአፕ ስቶር ወርዶ ወራት ቆይቷል። በ2011 አፕል ያንኑ ሐሳብ ለራሱ ካሜራ አደረገው! ሌሎች አፖች በሰነድ የሰፈረ መንገድ ያገኙት ግን በአይኦኤስ 17.2 ነው።

አንድሮይድ ላይ ደግሞ በሪፍሌክሽን ወደ ውስጥ ኤፒአይ መግባት የተለመደ ነበር። ከአንድሮይድ 9 ወዲህ ግን ሲስተሙ የተከለከለውን ሜተድ ጭራሹን እንደሌለ ያስመስለዋል፤ አፑም ደንበኛው እጅ ላይ ይዘጋል። የእናንተ ኮድ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ከሌላ ያመጣችሁት ላይብረሪ ውስጥ ጉድ ሊኖር ስለሚችል፣ ከማስረከባችሁ በፊት ኤፒኬውን ቬሪዴክስ በተባለው መፈተሻ ፈትሹት፤ ሎግካት ላይም «አክሰሲንግ ሂደን» የሚል መስመር አለመኖሩን እዩ። ለካሜራው ሥራ ካሜራኤክስ ወይም ካሜራ2 አለላችሁ።

አሠሪዎች፣ «ስክሪኑ ጠፍቶ በድብቅ የሚቀርጽ አፕ እሠራልሃለሁ» ከሚል ሰው ጋር አትዋዋሉ። አንድሮይድ 9 ከጀርባ ሆኖ ካሜራ መክፈትን ገድቧል፤ አይኦኤስ 14 እና አንድሮይድ 12 ደግሞ ካሜራው ሲበራ አረንጓዴ ምልክት ያሳያሉ። ውላችሁ ላይ «ይፋዊ ኤፒአይ ብቻ» የሚል አንቀጽ ይግባ፤ በስልኩ ዝማኔ ምክንያት ሥራው ቢቆም ማን በራሱ ወጪ እንደሚያስተካክለውም አብሮ ይጻፍ።