ደመወዝ ወይስ ኮንትራት?



ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ ስትሄድ ግራና ቀኝህን ተመልከት። እዚህ ጣሪያው ያልተከደነ ፎቅ፣ እዚያ በአጥር ጥግ የተከመረ አሸዋና ብሎኬት ይታይሃል። ይህ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ስሙን ያገኘው በዓለም ባንክ ብድር በተሠሩ የመኖሪያ ቤቶች ምክንያት ስለ ሆነ ከግንባታ ጋር ያለው ዝምድና የቆየ ነው። እንግዲህ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በመሐንዲስነት የሚያገለግል ወጣት ጧት ታክሲ ሲጠብቅ ይህን ሁሉ አይቶ፣ «እኔስ ለምን ለራሴ አልሠራም?» ቢል አይፈረድበትም።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ይሁን እንጂ የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ ለእናት ልኮ፣ ታናሽን አስተምሮ ወሩን ለመዝለቅ ይህም እንደማያዳርስ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ደመወዝ ማለት በእጅ የሚቆጠረው ብር ብቻ አይደለም። አንተ ለጡረታ ከመቶ 7 ስታዋጣ መንግሥት ከመቶ 11 ይጨምርልሃል። የዓመት ዕረፍትም የሕመም ፈቃድም አለህ። ለራሱ የሚያድር ሰው ግን ይህን የሚያዋጣለት የለም፤ የታመመበት ቀን ገቢ የሌለበት ቀን ነው።

እስቲ እርሳስና ወረቀት አንሣ። የ1,000,000 ብር ሥራ ያዝህ፤ ትርፉም ከመቶ 10፣ ማለት 100,000 ብር ነው እንበል። ሥራው 4 ወር ቢፈጅ በወር 25,000 ብር ይደርስሃል። ከደመወዝህ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው! ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ዘግቶ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይጽፋል። አንተ ግን አትዝጋው። አሠሪው የመጨረሻውን ክፍያ 2 ወር ቢያዘገይብህ 4ቱ ወር 6 ይሆናል። ለሲሚንቶና ለብረት በመደብከው 600,000 ብር ላይም ዋጋው ከመቶ 10 ቢጨምር 60,000 ብር ከትርፍህ ይሄዳል። የተረፈህን 40,000 ብር ለ6 ወር ብታካፍለው በወር የሚደርስህ 6,667 ብር ገደማ ነው፤ ጥለኸው ከወጣኸው ደመወዝ ያነሰ!

ይህ ለማስፈራራት የተባለ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዋጋውን በውል አስሮ የፈረመ ተቋራጭ ከውጭ የሚመጣውን ዕቃ በአዲስ ዋጋ እየገዛ በአሮጌ ዋጋ ሊሠራ ግድ ሆነበት። ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት ዋጋ ሲለወጥ ጉዳቱን ማን እንደሚሸከም ከውሉ ላይ ፈልገህ አንብብ።

ታዲያ አትውጣ ማለታችን ነውን? አይደለም። አገር የሚሠራው በደመወዝተኛ ብቻ አይደለም። ዳሩ ግን ከመውጣትህ በፊት ሦስት ነገር ይኑርህ። አንደኛ፣ ከሥራ ማስኬጃው ገንዘብ የተለየ፣ ቤተሰብህን 6 ወር የሚያበላ ቁጠባ። ሁለተኛ፣ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ የተያዘ የመጀመሪያ ሥራ፤ የአጎት ተስፋ ውል አይደለምና። ሦስተኛ፣ በእጅህ የገባ ሙያ። የሥራ ዝርዝር ማውጣትን፣ ክፍያ መጠየቅን፣ ውል መመርመርን ገና ካላወቅህ፣ መሥሪያ ቤትህ ደመወዝ እየከፈለ የሚያስተምርህ ትምህርት ቤት ነውና አንድ ሁለት ዓመት ተማርበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ከሁሉ የሚከፋው ሳይወጡ መውጣት ነው። ወንበሩን ሳይለቅ በወንድሙ ስም ፈቃድ አውጥቶ፣ ራሱ በሚቈጣጠረው ሥራ ላይ የሚወዳደር አለ። ጧት ተቈጣጣሪ፣ ማታ ተቋራጭ! «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት መመሪያው ያደረገ ሰው፣ ምሰሶው የቀጠነ ቤት በላዩ ላይ ሊወድቅበት የሚችለው ሕፃን የማን ልጅ እንደ ሆነ አይጠይቅም። አንተ ግን መውጣትህ ካልቀረ በቅን ውጣ። በደንቡ መሠረት ቀድመህ በጽሑፍ አስታውቅ፤ የተረከብከውን ንብረት አስረክብ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃህን ተቀበል። ነገ ጨረታ ልታስገባ በዚያው በር ስትመለስ ቀና ብለህ የምትገባው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሒሳብህን ለብቻህ ሥራ። ከዚያም ከቤተሰብህ ጋር ተማከር፤ ክፍያ የዘገየ እንደ ሆነ አብረውህ የሚጠብቁት እነርሱ ናቸውና።