ባለቤት ያጣ ፋይል

መዝገብ ቤትን ማጽዳት መልካም ሥራ ነው፤ ዳሩ ግን የሚጣለውንና የሚቀመጠውን ሳይለዩ መጥረግ ከማጽዳት አይቈጠርም። ለዚህ ምሳሌ የምትሆነን የጁባ ከተማ ናት። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻነቷን ከማግኘቷ በፊት፥ የቀድሞው አስተዳደር መዛግብት በጁባ በአንድ ትልቅ ድንኳን ውስጥ ተከምረው ርጥበትና ምስጥ ያበላሻቸው ነበር። ክምሩን ያየ ሰው ውዳቂ ወረቀት ይመስለው ይሆናል። የአገሩ መንግሥትና ሪፍት ቫሊ ኢንስቲትዩት የተባለው የጥናት ድርጅት ግን ወረቀቱን እያስለዩ፥ በዝርዝር እያስመዘገቡና በኮምፒዩተር እያስገለበጡ ብዙውን ከጥፋት አዳኑት።

በዛሬው ዘመን የመሥሪያ ቤትም ሆነ የቤተ ሰብ መዝገብ በኮምፒዩተር ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ፥ ይኸው ጥንቃቄ ለዲስክም ያስፈልገዋል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች በጄኔሬተር ሲሠሩ በኖሩባት በጁባም ሆነ መብራት በሚቈራረጥበት በማናቸውም አገር፥ ኮምፒዩተር ፋይል በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ቢቋረጥበት፥ የዲስኩ ማውጫና በዲስኩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይስማሙ ሊቀሩ ይችላሉ። ይህም ጉድለት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፥ ስሙ በማውጫው ላይ ተጽፎ ፋይሉ የሌለ ነው፤ ሁለተኛው፥ ፋይሉ በዲስኩ ላይ ሳለ ስሙ ከማውጫው የጠፋ ነው። ባዶው ስም የጠፋውን ነገር ስለሚያመለክት ማስታወሻ ከተያዘ በኋላ ቢሰረዝ አይጐዳም። ስም የሌለው ፋይል ግን የአንድ ሠራተኛ የጡረታ ማስረጃ ወይም የሕፃን ልጅ ፎቶግራፍ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን የምንመክረው ሥርዓት ይህ ነው። አስቀድሞ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ያስፈልጋል። ቀጥሎ በዊንዶውስ ውስጥ የሚገኘውን ቼክ ዲስክ የተባለውን መርማሪ ያለ ጥገና ትእዛዝ ማሠራት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ጉድለቱን ይናገራል እንጂ ምንም አይለውጥም። ጥገናው የሚታዘዘው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ መርማሪው ስም ያጡትን ቍራጮች ሰብስቦ ስሙ ‹‹ፋውንድ›› ብሎ በሚጀምር አቃፊ ውስጥ ሊያኖራቸው ይችላል። እነዚህንም አንድ በአንድ መርምሮ፥ የሚረባውን ለባለቤቱ መልሶ፥ የቀረውን ብቻ መሰረዝ ይገባል። ዲስኩ ራሱ አርጅቶ የመንኳኳት ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ግን ጥገናውን ትቶ ወደ ባለሙያ መውሰድ ይሻላል።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ከዲስክ ላይ የፈሰሰ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም።