የሰፈር ልጆች አሠልጣኝ ይሻሉ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ውስጥ የሚዘዋወር ሰው፥ ሁለት ድንጋይ አስቀምጠው ግብ ያደረጉ፥ በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው ኳስ ያበጁ ልጆች ሲራወጡ ሳያይ አይመለስም። ሜዳ ቢያጡ በመንገድ ላይ ይጫወታሉ፤ ኳስ ቢያጡ በባዶ ጠርሙስ ይጫወታሉ፤ ጫማ ቢያጡ በባዶ እግራቸው ይጫወታሉ። ልጆች በብልኀታቸው ሊሠሩት የማይችሉት አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ይኸውም ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣ፥ ስማቸውን የሚያውቅ፥ ሲጣሉ የሚዳኛቸው፥ ሲሳሳቱ የሚያርማቸው አንድ ታላቅ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ልንነጋገርበት ያሰብነው ስለዚሁ ሰው ነው።

ይህን ስንጽፍ የምናስበው እናንተን፥ ተማሪዎችንና በቅርብ ጊዜ ሥራ የያዛችሁትን ወጣት ሠራተኞች ነው። ብዙዎቻችሁ በቡና ቤት ተቀምጣችሁ ስለ እግር ኳሳችን ውድቀት ስትከራከሩ እንሰማለን፤ እኛም ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነን። ፌዴሬሽኑ እንዲህ ቢያደርግ፥ ክለቦቹ እንዲያ ቢያደርጉ እያልን ሁለት ሰዓት እናጠፋለን። በዚያው ሁለት ሰዓት ውስጥ ከቡና ቤቱ ጀርባ ሃያ ልጆች ያለ ዳኛና ያለ መምህር እየተጣሉ ጨዋታቸውን ይፈጽማሉ። ክርክሩ መልካም ነው፤ ሆኖም እስካሁን ከክርክር አንድ በረኛ እንኳ ሲወጣ አላየንም።

መቼም የአገራችንን የስፖርት ታሪክ ያነበበ ሰው፥ ከእያንዳንዱ ድል ጀርባ ልጅን ያስተማረ ሰው መኖሩን አይስተውም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ፥ ኦኒ ኒስካነን የተባሉ ስዊድናዊ አሠልጣኝ አብረውት ነበሩ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡድን በአዲስ አበባ ስታዲዮም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣ፥ ቡድኑን ያሠለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እርሳቸውም ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋችነት ተነሥተው፥ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስከ ዐረፉበት ቀን ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ኖረዋል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለነገራችን የሚቀርበው የበቆጂው ምሳሌ ነው። በአርሲ በምትገኘው በዚያች ትንሽ ከተማ አቶ ሥንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺሕ ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ፥ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ እያንዳንዳቸው በ5 ሺሕና በ10 ሺሕ ሜትር የወርቅ ሜዳይ ያገኙት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ፥ በልጅነታቸው በእርሳቸው እጅ ሠልጥነዋል። ይህ ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንቆጥረው ሜዳዩን ነው። ነገር ግን በበቆጂ ሜዳ ላይ ማለዳ ተነሥተው ከሮጡት ልጆች አብዛኞቹ ሜዳይ አላገኙም፤ አስተማሪ፥ ነጋዴ፥ ገበሬና እናት ሆነዋል። እነርሱም ማልዶ መነሣትን፥ ተራ መጠበቅን፥ ተሸንፎ በማግስቱ መመለስን የተማሩት በዚያው ሜዳ ነው። የአሠልጣኝ ሥራው የሚለካው በአሸነፉት ብቻ ከሆነ፥ ዘጠና ዘጠኙን ልጅ ከሒሳብ ውጭ ማድረግ ይሆንብናል።

ይህን ዛሬ በድፍረት የምንጽፈው ስሕተቱን በራሳችን ስለ ሠራነው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፥ ከዩኒቨርሲቲ በወጣንበት ክረምት፥ የሰፈራችንን አሥራ ሰባት ልጆች ሰብስበን ለክረምቱ ውድድር ማሠልጠን ጀመርን። ከመካከላቸው ከሁሉ የሚያንስ አንድ ልጅ ነበር። ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፤ ኳሱን ይሸከማል፤ ዝናብ ሲጥል እንኳ አይቀርም። ጨዋታው ግን ደካማ ነበረ። ለዋንጫው ጨዋታ ዋዜማ፥ «ነገ ከዕረፍት በኋላ ትገባለህ» ብለን ነገርነው። በማግስቱ ውጤቱ አንድ ለአንድ ሆነ። ልጁ ማሊያውን ለብሶ፥ የጫማውን ክር እያጠበቀ፥ በየጊዜው ቀና እያለ ያየን ነበር። እኛም እንዳላየ ሆንን። በቅጣት ምት አሸነፍን፤ ሰፈሩ ጨፈረ፤ ልጆቹ በትከሻቸው አነሡን።

በሚከተለው ሳምንት ልጁ አልመጣም። በሌላውም ሳምንት ቀረ። ወደ ቤቱ ብንሄድ እናቱ ከበር ተቀበሉን። «ምነው ልጄ፥ አሸንፋችኋል አሉ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉን። ቀጥለውም፥ «እሱ ግን ጫማውን ለታናሽ ወንድሙ ሰጥቶታል፤ እኔ አልጫወትበትም ይላል» አሉ። የወቀሳ ቃል አልጨመሩም። ዋንጫው ዛሬ በሰፈራችን በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ፥ በስኳርና በሳሙና መካከል ተቀምጧል። ልጁ በመንገድ ሲያገኘን «እንዴት ዋልክ ጋሼ» ይለናል፤ ወደ ሜዳው ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ በቡድናችን አንድ ሕግ አለ፤ ልምምድ የመጣ ልጅ ሁሉ ቢያንስ የጨዋታውን ግማሽ ይጫወታል። በዚህ ሕግ ምክንያት በሚቀጥለው ክረምት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ተሸነፍን። አንዳንድ የሰፈር ሰዎችም ተቆጡ፤ «አሠልጣኙ ጨዋታ አያውቅም» የሚል ወሬ ደረሰን። ቢሆንም አሥራ ሰባት የነበሩት ልጆች ሃያ ስድስት ሆኑ። ለክለብ የሚጫወት ቡድን ለማሸነፍ ቢጫወት ያባት ነው፤ የሰፈር የልጆች ቡድን ግን የቆመው ልጆች እንዲጫወቱ ነው። ሁለቱን ያደባለቀ አሠልጣኝ ዋንጫ ይዞ ልጅ ይከስራል።

አሁን፥ «እኔ ተጫዋች አልነበርኩም፤ ምን አውቄ አስተምራለሁ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለሰፈር ልጆች የሚያስፈልገው ዕውቀት ብዙ አይደለም። ሃያ ልጆችን በአንድ ሜዳ ላይ በአንድ ኳስ ብታሰልፉ፥ ደካማው ልጅ ኳሱን ሳይነካ ወደ ቤቱ ይገባል። እነዚያኑ ሃያ ልጆች አምስት አምስት አድርጋችሁ በአራት ብትከፍሉ፥ ሜዳውን ለሁለት ብታካፍሉና ትናንሽ ግቦች ብትተክሉ፥ እያንዳንዱ ልጅ ኳስ ደጋግሞ ያገኛል። የዓለም የጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በየቀኑ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። ተራውን ሲጠብቅ የዋለ ልጅ ይህን አያገኝም፤ የተጫወተ ልጅ ያገኛል።

ከጨዋታው ይልቅ አሠልጣኙ ሊያጠናው የሚገባው ጥንቃቄውን ነው። ውኃ ሳይያዝ ልምምድ አይጀመር። ራሱን የተመታና የዞረበት ልጅ፥ «ደኅና ነኝ» ቢልም እንኳ ከሜዳ ይውጣ፤ ሐኪም ሳያየው አይመለስ። ኩርኩምና ስድብ የእኛ አባቶች የለመዱት የማስተማሪያ መንገድ ቢሆንም፥ ልጁ በፍርሃት የተማረውን ኳስ በፍርሃት ይጫወታል። ወላጆች አሠልጣኙን በስሙና በቤቱ ይወቁት፤ ልምምዱም ሰው በሚያየው ቦታ ይሁን፤ አሠልጣኝም ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው ተለይቶ አይቆይ። ይህ ልጁንም ይጠብቃል፤ ቅን የሆነውን አሠልጣኝም ከሐሜት ይጠብቃል።

ስለ ሴቶች ልጆችም አንድ ቃል መጨመር ይገባናል። ከላይ ስማቸውን ከጠራናቸው ሦስት የበቆጂ ጀግኖች ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ሆኖም በብዙ ሰፈር ወንዶቹ ሲጫወቱ እኅቶቻቸው ውኃ ሲቀዱ ወይም ከዳር ቆመው ሲያዩ እናገኛቸዋለን። ልጅቷ እንድትጫወት ወላጆቿን ሄዶ የሚለምን ሰው ያስፈልጋል። ያም ሰው አሠልጣኙ ነው።

«ጊዜ የለኝም» ለሚለው መልሳችን አጭር ነው። ሥራው የሚጠይቀው በሳምንት ሁለት ቀን፥ በቀን ሁለት ሰዓት ነው። ነገር ግን እነዚያ አራት ሰዓቶች የታመኑ ይሁኑ። አንድ ወር በትኩስ ስሜት መጥቶ በሁለተኛው ወር የሚጠፋ አሠልጣኝ፥ ከቶ ካልመጣው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ልጆቹ የታላቅ ሰው ቃል እንደማይታመን ከእርሱ ይማራሉ። ፈተና ቢደርስ፥ ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ቢያዛውር፥ አስቀድሞ ረዳት አሠልጥኖ ቡድኑን ማስረከብ ይገባል። ብቻችሁን መቻል ካቃታችሁም ሦስት ሆናችሁ ያዙት፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ሲባል ሰምታችኋልና።

በመጨረሻም በየመሥሪያ ቤቱ ለተቀመጣችሁ ወጣት ሠራተኞች አንድ አደራ አለን። ዛሬ የምትጽፉት ማስታወሻ፥ የምታዘጋጁት ፕላን፥ ነገ በአንድ ሰፈር ባዶ መሬት ላይ ምን እንደሚቆም ይወስናል። በልጅነታችን የተጫወትንባቸው ብዙ ሜዳዎች ዛሬ ሕንፃ ናቸው። ከተማ ሕንፃ አይሥራ አንልም፤ ነገር ግን ፕላኑ ፊታችሁ ሲዘረጋ ሁለት ድንጋይ ተክለው የሚጫወቱትን ልጆች አስታውሱ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሯቸው የሚውል ሰው ሰኞ በቢሮው አይረሳቸውም።

እኛ በሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ሜዳችን ላይ እንገኛለን። በየሰፈራችሁ ያሉት ልጆችም በዚያው ሰዓት ድንጋያቸውን ያስቀምጣሉ። የቀረው የእናንተ መምጣት ነው።