በስኳርና በኮምጣጤ የሚቀመጥ ኪያር

በሳሪስ አቦ ደብር ዙሪያ የምንኖር ቤተ ሰቦች በየዓመቱ የምናስበው አንድ ነገር አለ። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል መጋቢት 5 ቀን ይከበራል፤ ዐቢይ ጾምም ቢፈጥን የካቲት 1፥ ቢዘገይ መጋቢት 5 ቀን ስለሚገባ፥ ይህ በዓል ከጾም ውጪ የሚውልበት ዓመት የለም። እንግዳ ግን ይመጣል። ሽሮውና ምስሩ ይቀርባል፤ ስልጆና ስናፍጭ ያለበት ቤትም ምስጋና ይገባዋል። ከዚሁ ማዕድ ጋራ የሚስማማ፥ ቅቤም ወተትም የማይነካው ሌላ ነገር ቢኖር በስኳርና በኮምጣጤ የተቀመጠ ኪያር ነው።

ኪያር የሩቅ አገር ሰው ምግብ ይመስለናል፤ ነገር ግን እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ ከግብፅ አትክልት አስቀድመው የናፈቁት (ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11) ከኪያር ወገን የሆነውን ፍሬ እንደ ነበረ የዕብራይስጥ ዐዋቂዎች ይናገራሉ። ናፍቆታቸው ማጕረምረም ሆኖ እንደ ተቈጠረባቸው ግን አይዘነጋም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 1 ኪሎ ከ300 ግራም የሚሆን ጠንካራና ለጋ ኪያር ታጥቦ በአበባው በኩል ያለው ጫፍ በቀጭኑ ይቈረጥ፤ ኪያሩን የሚያለሰልሰው ነገር በዚያ ጫፍ ይገኛልና። ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ቀይ ሽንኩርት ጋራ በስሱ ተከትፎ፥ ሩብ ሲኒ ሳይሆን ሩብ ኩባያ ጨው ተነስንሶበት፥ በቀዝቃዛ ስፍራ 3 ወይም 4 ሰዓት ይቈይና ውኃው ይንጠፍጠፍ። ግማሽ ሊትር ኮምጣጤ፥ 450 ግራም ስኳር፥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሰናፍጭ ዘር፥ የዚህ እኩሌታ እርድ ተቀላቅሎ 10 ደቂቃ ይፍላ፤ ኪያሩና ሽንኩርቱ ተጨምሮበት እንደ ገና ፈላ ሲል በንጹሕ ጠርሙስ ይሞላ፥ ከአፉም ጣት ያህል ይጕደል። ኪያሩ በምን ውኃ እንደ በቀለ ሻጩን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የአቃቂ ወንዝ በፋብሪካና በከተማ ፍሳሽ መበከሉ በጥናት የታወቀ ነው፥ ወደ አትክልቱ የገባውን ከባድ ብረትም እጥበትም ኮምጣጤም አያወጣውም።

እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ከአንድ የውጭ አገር መጽሐፍ እያነበብሁ ነበር። መጽሐፉ የተሞላውን ጠርሙስ በፈላ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ አኑር ይላል፤ 10 ደቂቃ አኖርሁት። ኮምጣጤውም ስለ በረታብኝ በውኃ አቀጠንሁት። በበዓሉ ዋዜማ ብናየው ክዳኑ አብጧል፥ ውስጡም ደፍርሷል። ልቅመሰው ብዬ እጄን ስሰነዝር ባለቤቴ፥ «ተው፥ ይህ እንኳን ለእንግዳ ለጠላትም አይሰጥ» ብላ ነጠቀችኝ። እውነት አላት፤ ያበጠ ጠርሙስ ይጣላል እንጂ አይቀመስም። ያሳፈረኝ ግን ውኃ በከፍታ ስፍራ በአነስተኛ ሙቀት እንደሚፈላ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ያስተማርሁ ሰው በገዛ ጓዳዬ መርሳቴ ነው።

ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በሳሪስ ግን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላ ከድሬዳዋ ይልቅ በአዲስ አበባ ለመብሰል የሚዘገየው ስለዚሁ ነው። መጽሐፉ 10 ደቂቃ ያለው ለቈላ ሰው ነበር፤ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት መመሪያ ከ1,830 ሜትር በላይ ለሚኖሩ ለዚህ ዓይነት ኪያር 20 ደቂቃ ያዝዛል፤ ውኃውም ጠርሙሱን ከነክዳኑ ሊሸፍነው ይገባል።

ኮምጣጤን ማቅጠን ግን ከዚህ የባሰ ስሕተት ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን መርዝ የምታወጣው ረቂቅ ተሕዋስ አየር በሌለበት ትለመልማለች፤ ዘሯም በፈላ ውኃ አይሞትም፥ እንዳያቈጠቍጥ የሚከለክለው የኮምጣጤው ኀይል ነው። ስለዚህ በጠርሙሱ ወረቀት ላይ 5 በመቶ የሚል ተጽፎበት እንደ ሆነ ተመልክቶ መግዛት ነው፤ ከበረታም ስኳር ይጨመር እንጂ ውኃ አይጨመር።

ያገለገለ የማርማላታ ጠርሙስ ክዳኑ ዳግመኛ አጥብቆ ስለ መግጠሙ አያስተማምንም፤ እንዲህ ያለው በማቀዝቀዣ ይቀመጥና ቶሎ ይበላ። ጣዕሙ የሚሰምረው ከ4 እስከ 5 ሳምንት ከቈየ በኋላ ነውና፥ ለመጋቢት 5 የታሰበው በጥር መጨረሻ ይሠራ።