የመንገደኛ ስንቅ፦ የዳንግላ ግብጦ

ባለፈው ጊዜ ከቤት ስለሚያዝ ስንቅ ጽፈን ነበር። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ። ዛሬ ደግሞ ስንቁ ሲያልቅ መንገድ ላይ ስለሚገዛ ምግብ እናወራለን። አገሩ አዊ ነው። ከተሞቹ ዳንግላና ኢንጅባራ ናቸው።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መንገድ በሁለቱም ከተሞች ያልፋል። ዳንግላ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዳንግላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ደግሞ ኢንጅባራ ይደረሳል። በመካከል አዲስ ቅዳም የምትባል ከተማ አለች። ቅዳም ማለት ቅዳሜ ነው። ለገበያ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀኑን ነው። ገበያው በማይውልበት ቀን የደረሰ ባዶ ሜዳ አይቶ ይመለሳል። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መንገዱ ነው። በክልሉ ግጭት ከተነሣበት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ መንገዱ የተዘጋባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ከመነሣት በፊት ሹፌር መጠየቅ ይበጃል።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት አንድ የላስታ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው ኢንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። እሱን ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት። እሳቸው ራሳቸው ፊደል የቆጠሩት ዓምና ነው። በመንገዱ ዳር የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብለው እያነበቡ መጡ። «ዳቦ ቤት። ፋርማሲ። ወፍጮ ቤት።» አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም አሉ።

«ጎ-ሚ-ስ-ታ። ይኼ የማን ስም ነው?» አሉኝ።

ጎማ የሚጠግን ሰው መሆኑን ነገርኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ፊደሉ ሁሉ ቢታወቅም ቃሉ ላይታወቅ ይችላል። ያን ጊዜ መጠየቅ ነው።

ዳንግላ ስንደርስ አውቶቡሱ ለጥገና ቆመ። ገበያው ውሎ ስለ ነበር ወርደን ገባን። ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎና ኑግ በየተራቸው ተደርድረዋል። ወዲያ ማርና ቅቤ አለ። የዚህ አገር ቅቤ ዝናው የቆየ ነው። ጀምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው በ1763 ዓ.ም. የዓባይን ምንጭ ለማየት በአገው ምድር አልፎ ነበር። አገዎች ቅቤ፣ ማርና ሰም ተሸክመው፣ ከብት እየነዱ፣ በሺህ እየሆኑ ወደ ጎንደር ይሄዱ እንደ ነበር ጽፏል። ቅቤው በረጅሙ መንገድ እንዳይቀልጥ የመቅመቆ ሥር ወቅጠው ይቀላቅሉበት ነበር ይላል። መቅመቆ ቢጫ ሥር ነው፤ ታውቁት ይሆናል። ዛሬ ግን ቅቤ ውስጥ የረጋ ዘይት የሚቀላቅል አጭበርባሪ አይጠፋም። ስለዚህ አሽትቱት፣ ቅመሱት። ከማታውቁት ሰው ብዙ አትግዙ።

አሁን ወደ ግብጦ እንምጣ። የዛሬው ዋና ነገራችን እሱ ነው።

ግብጦ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው። ፍሬው ነጣ ያለና ጠፍጣፋ ነው። በአዊ፣ በምዕራብ ጎጃምና በአካባቢው በብዛት ይዘራል። በገበያው ሁለት ዓይነት ግብጦ አየን። አንዱ በጆንያ ያለ ደረቅ ግብጦ ነው። ሁለተኛው በሳፋ የተቀመጠ፣ ውኃ የጠጣና ያበጠ ግብጦ ነው። ይኸኛው በብርጭቆ እየተሰፈረ ይሸጣል። ጨው ነስነስ ተደርጎበት እንደ ቆሎ ይበላል።

የላስታው ሰው ከሳፋው አንድ ብርጭቆ ገዝተው ቀመሱ። ጣማቸው። ከዚያ ወደ ጆንያው ሄደው ጎንበስ አሉ። ከደረቁም ሁለት ጣሳ እንዲሰፈርላቸው ጠየቁ። ባለግብጦዋ አንዲት ሽማግሌ እናት ናቸው። ጣሳውን ይዘው ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ልጄ፣ ለምንህ ነው?»

«አገሬ ወስጄ ቆልቼ ለልጆች ልሰጥ ነዋ።»

«ኧረ ዋ! ቆልተህ ብቻ እንዳትሰጥ! ልጆቹን ልትጨርስ ነው?»

ሰውዬው ደነገጡ። «እናቴ፣ አሁን እኮ በላሁ። ሊገድለኝ ነው?» አሉ።

«የበላኸው ያለቀለት ነው። ይኼ ገና ጥሬ ነው። ከየት ነህ አንተ?»

«ከላስታ።»

«ታዲያ ዘመድ ነሃ!» ብለው ጣሳውን አስቀመጡ። የአዊ ሰው ራሱን ሰባት ቤት አገው ይላል። ሰባቱ ወንድማማቾች የመጡት ከላስታ ነው እየተባለ ይተረካል። ከዚያ በኋላ እንደ ዘመድ አስቀምጠው አስረዱን። ያሉትን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«ግብጦ መራራ ነው። መጀመሪያ እቆላዋለሁ። ከዚያ በጆንያ አድርጌ አፉን አስሬ ወራጅ ውኃ ውስጥ እጥለዋለሁ። ድንጋይ እጭንበታለሁ። አምስት ቀን ይሰነብታል። አንዳንዱ ሰባት ቀን ይፈልጋል። ቀኑን ቆጥሬ ብቻ አላወጣውም። እቀምሰዋለሁ። ከመረረኝ ይመለሳል። ምሬቱ ሲጠፋ ልጬ አጥበዋለሁ። ያን ጊዜ ለሰው ይሰጣል።»

እኚህ እናት የተናገሩት ከሳይንስ ጋር አንድ ነው። በግብጦ ውስጥ አልካሎይድ የሚባል መራራ ነገር አለ። መርዝ ነው። ሙቀት ብቻ አያጠፋውም። ውኃ ነው ቀስ በቀስ አጥቦ የሚያወጣው። ስለዚህ ውኃው ወራጅ ይሆናል፤ ወራጅ ከሌለ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። በደንብ ያልታጠበ ግብጦ በብዛት የበላ ሰው አፉ ይደርቃል። ዓይኑ ብዥ ይላል። ያዞረዋል፤ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ሕፃን ላይ ይበረታል። እንዲህ ያለ ነገር ከታየ «ይተወዋል» ብሎ መጠበቅ አይገባም። ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የተበላውንም ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር። ወንዙ ከብት የሚጠጣበትና ልብስ የሚታጠብበት ከሆነ ግብጦው ከምሬቱ ነጽቶ በሌላ ቆሻሻ ሊበከል ይችላል። ስለዚህ ገዝታችሁ ስትበሉ በንጹሕ ውኃ ደግማችሁ ማጠብ አይከፋም።

እንግዲህ ይህን ያህል ድካም ካለው ሰው ለምን ይዘራዋል? ምክንያት አለው። ግብጦ በደከመ መሬት ላይ ይበቅላል። ብዙ እርሻና አረም አይፈልግም። ስለሚመርም ከብት አይደፍረውም፤ አጥር አያሻውም። መሬቱንም ያለማል። ለሰውም ገንቢ ምግብ ነው። ከ100 እጅ ከ30 በላይ የሚሆነው ፕሮቲን ነው። ይህም ከባቄላ ይበልጣል። አረቄ የሚያወጡበትም አሉ። በግብፅ አገርም ያው ዘር ተዘፍዝፎ፣ ጨው ገብቶበት በየመንገዱ ይሸጣል። እነሱ ተርሙስ ይሉታል። የጣሊያን ሰዎችም ይበሉታል። ሁሉም ግን መጀመሪያ በውኃ ያጥቡታል።

የላስታው ሰው ይህን ሁሉ በዝምታ ሰሙ። ከዚያ «እንግዲያው ሁለቱንም ስጡኝ» አሉ። ያለቀለትን ለልጃቸው፣ ደረቁን ለዘር። እኛ ዘንድም የደከመ መሬት ሞልቷል ብለው ነው።

ከዳንግላ ወጥተን ጥቂት እንደ ሄድን ለምሳ ቆምን። ምግብ ቤቱ የት እንደ ሆነ አልጽፍም። የዋጋ ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ በጉልህ ተጽፏል። ሽሮ 120 ብር። ሻይ 20 ብር። ሁለት ሽሮና ሁለት ሻይ አዘዝን። ሽሮው ትኩስ ነበር፤ ተንተክትኮ ነው የመጣው። መንገድ ላይ ከሁሉ የሚሻለው እንዲህ ያለው ነው። ከእሳት የወረደ ምግብ ሆድ አያውክም።

በልተን ስንጨርስ አስተናጋጁ ልጅ ሒሳቡን 320 ብር አለን። ኪሴ ገብቼ ልከፍል ስል ሰውዬው እጄን ያዙኝ። ግድግዳውን እያዩ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ጻፉ። ሁለት ጊዜ 120፣ 240። ሁለት ጊዜ 20፣ 40። ድምሩ 280።

«የእኔ ልጅ፣ 40 ብሩ የምንድን ነው?» አሉት።

ልጁ ግራ ተጋባ። ዞር ብሎ አየ። ወዲያኛው ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሰዎች የጠጡትን ውኃ እኛ ላይ ቆጥሮት ኖሯል። ይቅርታ ጠየቀ። እኔ እንኳ ስንት ዘመን ተምሬ፣ ሳላነብ ልከፍል ነበር። አፈርኩ።

ኢንጅባራ ስንደርስ ብርዱ ተቀበለን። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። የድንች አገር ነው። የተቀቀለ ድንች በበርበሬና በጨው ገዝተን ቆመን በላን። እንደ ግብጦው ሁሉ ድንችም የሚመርበት ጊዜ አለ። ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነ ድንች አይበላም።

የኢንጅባራ የቀድሞ ስም ኮሶበር ነው። ዛሬም እንዲያ ብለው የሚጠሩት አሉ። ኮሶ ዛፍ ነው። አበባው የኮሶ ትል ማስወረጃ ነበር። ትሉ የሚገባው ደግሞ ባልበሰለ የከብት ሥጋ ነው። አሁን በየከተማው ሥጋ ቤት በር ላይ ቁርጥ ሲቆረጥ ይታያል። መንገደኛ ደክሞት ሲያየው ይጎመጃል። እኔ ግን ጥብስ ይሁንልኝ እላለሁ። ሥጋው ላይ የመርማሪ ማኅተም መኖሩንም ማየት ነው። ትሉ ከያዘ ደግሞ በጤና ጣቢያ ክኒን አለ። ኮሶ በልክ ካልተጠጣ ራሱ ይጎዳልና ወደ እሱ መሮጥ አያስፈልግም።

ልጃቸው መጥቶ ተቀበላቸው። ከመለያየታችን በፊት ሰውዬው እስክሪብቶዬን ለመኑኝ። የደረቁን ግብጦ ከረጢት ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ቀስ እያሉ፣ በትልልቁ ጻፉበት።

«ዘር ነው። አይበላም።»

ልጁ አንብቦ «ጽሑፍህ አምሯል አባዬ» አላቸው።