የማኅፀን በር ካንሰርና ከመድረሱ በፊት ያሉት ዓመታት

በምዕራብ ጎጃም የጨረር ሕክምና ያስፈለጋት እናት ለረጅም ዓመታት የነበራት መንገድ አንድ ነው፤ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መድረስ። ከፍኖተ ሰላም 380 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከቡሬ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። ጉዞው የሚጀመረውም ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ከጸና፣ በሬው ከተሸጠ በኋላ ነው።

የማኅፀን በር ካንሰር ግን እንደ ደራሽ ውኃ በድንገት የሚመጣ በሽታ አይደለም። መነሻው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ከያዛቸው ሴቶች የሚበዙት በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ሳያውቁት ይድናሉ። የሚያድኗቸው ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ በተለይ ቲ ሴል የሚባሉት በቫይረሱ የተያዘውን ሕዋስ ለይተው ያጠፋሉ። ቫይረሱ ከእነዚህ ጠባቂዎች አምልጦ ሲሰነብት የማኅፀን በር ሕዋሳት መለወጥ ይጀምራሉ። ለውጡ ካንሰር እስኪሆን የበሽታ መከላከል አቅሟ ደኅና በሆነ ሴት ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ኤች አይ ቪ በደሟ እያለ መድኃኒት ባልጀመረች ሴት ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል።

እንዲህ ረጅም ጊዜ የሚሰጥ በሽታ እ.ኤ.አ በ2020 በወጣ ግምት በአንድ ዓመት ብቻ ከ5 ሺህ 300 በላይ ኢትዮጵያውያትን መግደሉ የሚያስቆጭ ነው። ምርመራው ቀላል ነውና። ባለሙያዋ ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ስትቀባ የተለወጠው ቦታ ይነጣል፤ ለሕክምናው የሚመች ከሆነም በዚያው ቀን በከፍተኛ ቅዝቃዜ ወይም በሙቀት እንዲጠፋ ይደረጋል። በሙቀት የሚሰጠው ሕክምና አንድ ደቂቃ ገደማ ቢወስድ ነው። ታካሚዋም ሳትተኛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሕክምናው የተበላሸውን ቦታ ያስወግዳል እንጂ ቫይረሱ ጨርሶ ለመጥፋቱ ዋስትና አይሰጥም። የቀረውን ሥራ የሚጨርሱት እነዚያው የመከላከያ ሕዋሳት ናቸው። በተለይ ከኤች አይ ቪ ጋር በሚኖሩ ሴቶች ለውጡ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ከዓመት በኋላ የምትሰጠው ቀጠሮ ከመጀመሪያው ምርመራ አታንስም፤ የጤና ተቋማትም ስንት ሴት መረመርን ብለው እንደሚቆጥሩት ሁሉ ስንቷ ተመለሰች ብለውም ሊቆጥሩ ይገባል።

ክትባቱ ሕዋሳቱን አስቀድሞ ያዘጋጃል። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2022 አንድ ጊዜ ብቻ መሰጠቱ በቂ ሊሆን እንደሚችል አስታውቋል። መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ይሁን እንጂ ክትባቱ በአብዛኛው የሚሰጠው በትምህርት ቤት ነው። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተከሠተው የጸጥታ ችግር በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ከክፍል የቀረች ልጅ ከክትባቱም ትቀራለች፤ እርሷን ቀበሌ ለቀበሌ፣ ቤት ለቤት መፈለግ የጤና ኬላውና የወላጆቿ ድርሻ ነው።